የሬዲዮ ስካነር አተካከል፣ አያያዝና የብልሽት አፈላለግ

የሬዲዮ ስካነር የተመዘገቡለትን ፍሪኩዌንሲዎች በየተራ በፍጥነት እየፈተሸ፣ ንግግር ያለበትን ሲያገኝ የሚቆም፣ ንግግሩ ሲያበቃም ፍተሻውን የሚቀጥል መቀበያ ነው። ተራ ሬዲዮ በአንድ ጣቢያ ላይ ሆኖ የማያቋርጥ ስርጭት ያሰማል፤ ስካነር ግን የሚጠብቀው መጥተው የሚጠፉ አጫጭር መልእክቶችን ነው። አዲስ ተጠቃሚ መሣሪያውን ከካርቶኑ አውጥቶ ሲያበራው ዝምታ ስለሚያጋጥመው ብዙ ጊዜ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። ተበላሹ ተብለው ካየኋቸው ስካነሮች አብዛኞቹ ምንም ያልነካቸው ነበሩ፤ ጥፋቱ የተገኘው በአንቴናው፣ በኬብሉ፣ በስኩዌልቹ (ምልክት ሲጠፋ ድምፁን በሚዘጋው በር) አቀማመጥ ወይም በአመዘጋገቡ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ በአንድ ልማድ ላይ የቆመ ነው፦ ሁልጊዜ በአየር ላይ መኖሩ የተረጋገጠ አንድ የመፈተኛ ምልክት ይያዙ፣ የሚያደርጉትን ለውጥ ሁሉ በዚያ ምልክት ይመዝኑ፣ በአንድ ጊዜም ከአንድ ነገር በላይ አይቀይሩ።

ከመግዛትዎ በፊት የሚጣሩ ነገሮች

አስቀድሞ መጣራት ያለበት ሕጉ ነው። ስካነር መያዝና ማዳመጥ ለማንኛውም ሰው የተፈቀደባቸው አገሮች አሉ፤ ፈቃድ የሚጠይቁ አሉ፤ ጭራሹን የሚከለክሉም አሉ። የሚፈቅዱትም ቢሆኑ ገደብ ያበጃሉ። በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግንኙነቶችን ምስጢር የሚጠብቀው ሕግ የሞባይል ስልክ ንግግር መጥለፍን ይከለክላል፤ ከ1994 ጀምሮም የሞባይል ስልክ ሞገዶችን የሚቀበል ስካነር ለሽያጭ ማምረትና ማስገባት ታግዷል። በብሪታንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የገመድ አልባ ቴሌግራፍ ሕግ ለአድማጩ ያልታሰበን መልእክት ያለ ሥልጣን ማዳመጥን ወንጀል አድርጎታል። መሣሪያው በሱቅ መሸጡ የሚሰማው ሁሉ ተፈቅዷል ማለት ስላልሆነ፣ የሚኖሩበት አገር የመገናኛ ተቆጣጣሪ ምን እንደሚል ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ያንብቡ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ማንን መስማት ይፈልጋሉ የሚለው ነው። ብዙ ሰው ውድ ስካነር ሁሉን ይሰማል ብሎ ይገዛና በኋላ ያዝናል። የሲቪል አቪዬሽን ንግግር በ118 እና በ137 ሜጋኸርዝ መካከል በኤ ኤም ይተላለፋል፤ ለዚህ ርካሽ የአናሎግ ስካነር ይበቃል። የባሕር ላይ መርከቦች ከ156 እስከ 162 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል በኤፍ ኤም ይነጋገራሉ፤ የጥሪና የአደጋ ጊዜ ቻናላቸው 16 ሲሆን ፍሪኩዌንሲው 156.800 ሜጋኸርዝ ነው። አማተር ሬዲዮኞች ከ144 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ባለው ክልልና በ430ዎቹ ውስጥ ይገኛሉ። የፖሊስ፣ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ አገልግሎቶች ግን በብዙ አገሮች ወደ ዲጂታል ተሸጋግረዋል፦ በሰሜን አሜሪካ በብዛት ፒ 25፣ በአውሮፓና በሌሎች በርካታ አገሮች ቴትራ፣ በድርጅቶችና በፋብሪካዎች ዘንድ ደግሞ ዲ ኤም አር ይሠራበታል። የአናሎግ ስካነር እነዚህን ሲያገኝ የሚያሰማው እንደ ሞተር የሚያጉረመርም ድምፅ ብቻ ነው። የዲጂታል ስካነርም ቢሆን በውስጡ የተገጠመለትን ዘዴ እንጂ ሌላውን አይፈታም። ንግግሩ የተመሰጠረ ከሆነ በሕዝብ ገበያ የሚሸጥ የትኛውም ስካነር አያሰማውም፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ መድኃኒትም የለውም። በመሆኑም በመጀመሪያ የሚፈልጉትን አገልግሎት ፍሪኩዌንሲ፣ የሞገድ ዓይነት (ኤ ኤም፣ ኤፍ ኤም ወይም ዲጂታል) እና የተመሰጠረ መሆን አለመሆኑን በወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ መሣሪያውን ከዚያ በኋላ ይምረጡ።

አንቴናና ኬብል

ለስካነር የሚወጣ ገንዘብ ሁለት ቦታ መከፈል ካለበት፣ እኔ ለአንቴናው የሚደርሰውን ድርሻ ከፍ አደርገዋለሁ። ከእጅ ስካነር ጋር የሚመጣው አጭር የጎማ አንቴና ሁሉንም ሞገድ ትንሽ ትንሽ እንዲሰማ የተሠራ ነው፤ አንዱንም በደንብ አይሰማም። አንድን ክልል ብቻ ለሚፈልግ ሰው የሩብ ሞገድ አንቴና በገዛ እጁ ሊሠራ የሚችል ቀላል ነገር ነው። የዘንጉ ርዝመት በሴንቲሜትር እንዲገኝ 7130ን በሜጋኸርዝ ለተገለጸው ፍሪኩዌንሲ ያካፍሉ። ለአቪዬሽን ክልል መካከለኛ ለሆነው 127 ሜጋኸርዝ 56 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ለባሕር ቻናል 16 ደግሞ 45.5 ሴንቲሜትር፤ ለ450 ሜጋኸርዝ ወደ 16 ሴንቲሜትር ገደማ። ዘንጉ ከኬብሉ መካከለኛ ሽቦ ጋር ይያያዛል፤ ከኬብሉ የውጭ ሽቦ ጋር ደግሞ ተመሳሳይ ርዝመት ያላቸው አራት ዘንጎች ተያይዘው ወደ ጎንና ትንሽ ወደ ታች ይዘረጋሉ። ዋናው ዘንግ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ አብዛኞቹ የመሬት ላይ፣ የመኪናና የአውሮፕላን መገናኛዎች የሚልኩት በቁም አንቴና ስለሆነ፣ የእርስዎ አንቴና ከተጋደመ ምልክቱ በእጅጉ ይደክማል።

ከአንቴናው ዓይነት ይልቅ የሚልቀው ከፍታው ነው። በእነዚህ ክልሎች ያለው ሞገድ የሚጓዘው በአብዛኛው ዓይን በሚያይበት መስመር ስለሆነ፣ በኪሎሜትር የሚለካውን የአድማስ ርቀት ለማወቅ በሜትር የተለካውን የአንቴና ከፍታ ስኩዌር ሩት በ4.12 ያባዙ፤ የላኪውንም በዚሁ መንገድ አስልተው ሁለቱን ይደምሩ። በ9 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ አንቴና 12 ኪሎሜትር ያህል ያያል። በ10,000 ሜትር ከፍታ የሚበር አውሮፕላን ለብቻው 412 ኪሎሜትር ያያል። በ25 ሜትር ምሰሶ ላይ ያለ የመሬት ጣቢያ ግን 20.6 ኪሎሜትር ብቻ ስለሚያይ፣ ከእርስዎ 9 ሜትር ጋር ተደምሮ 33 ኪሎሜትር ላይ ያበቃል። ተራራና ሕንፃ ይህን ያሳጥሩታል፤ ስሌቱ ግን ከመሣሪያዎ ምን መጠበቅ እንደሚገባዎ በግልጽ ይነግራል።

ኬብሉን ችላ አይበሉ። ቀጭኑ አር ጂ 58 የተባለው ኬብል በ450 ሜጋኸርዝ ላይ በ20 ሜትር ርዝመት ወደ 7 ዴሲቤል ያህል ያባክናል፤ ይህም ማለት አንቴናው ከያዘው ኃይል ወደ ስካነሩ የሚደርሰው አንድ አምስተኛው ያህል ብቻ ነው። ለሳተላይት ቴሌቪዥን የሚያገለግለው አር ጂ 6 በተመሳሳይ ርዝመት ከ3 ዴሲቤል ብዙ ሳይርቅ ግማሽ ያህሉን ያደርሳል፤ 75 ኦም መሆኑም፣ መቀበል ብቻ እስከሆነ ድረስ፣ ለ50 ኦም ስካነር የሚያሳስብ ጉዳት የለውም። በመሆኑም ርካሽ ሆኖ የሚሠራ ኬብል ለሚፈልግ ሰው ይህን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ከስካነሩ በኩል ያለው ማገናኛ ብዙ ጊዜ ቢ ኤን ሲ ወይም ኤስ ኤም ኤ ስለሆነ ከመግዛትዎ በፊት ያረጋግጡ።

ከጣራ ላይ ሲሠሩ ሁለት ነገሮች ሕይወት ያጠፋሉ። አንቴናው ቢወድቅ እንኳ በየትኛውም አቅጣጫ የኤሌክትሪክ ገመድ የማይነካበትን ቦታ ይምረጡ፤ ምሰሶና አንቴናው ተደምረው ካላቸው ርዝመት ከእጥፍ ያላነሰ ርቀት ይጠብቁ። ሁለተኛው መብረቅ ነው፤ ምሰሶው ወፍራም ሽቦ ይዞ ከመሬት ጋር መያያዝ አለበት፣ ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊትም የመብረቅ መከላከያ ይገጠምለት፣ የነጎድጓድ ወቅት ሲሆን ደግሞ ዝናቡ ሳይጀምር ኬብሉን ከስካነሩ ነቅለው ከቤት ውጭ ያድርጉት። ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ኬብሉን አይንኩት።

ማብራትና የመጀመሪያው ምልክት

ባትሪዎቹን ሲያስገቡ ዓይነታቸውን ይለዩ። ቻርጅ የሚደረገው የኒኬል ባትሪ ለአንዱ 1.2 ቮልት ሲሆን ተራው አልካላይን 1.5 ቮልት ነው። በአንዳንድ የእጅ ስካነሮች የባትሪ ማስቀመጫ ውስጥ የትኛው እንደገባ የሚነገርበት ትንሽ ማብሪያ አለ፤ በሌሎቹ ደግሞ ይህ በሜኑ ውስጥ ይገኛል። አልካላይን አስገብቶ ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ሊያፈነዳው ወይም ሊያፈሰው ስለሚችል፣ ገመዱን ከመሰካትዎ በፊት ይህን አቀማመጥ ሁለት ጊዜ ይመልከቱ። የሌላ መሣሪያ አዳፕተር ከተጠቀሙ ቮልቱ፣ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ መጠንና የመሰኪያው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ከስካነሩ ጋር መስማማታቸውን ያረጋግጡ፤ ተገልብጦ የተሰካ አዳፕተር በአንድ ቅጽበት መሣሪያውን ሊያቃጥለው ይችላል።

ስካነሩ በርቶ ስኩዌልቹ ሲስተካከል ሥራው ይጀመራል። ስኩዌልች ምልክት በሌለበት ጊዜ የሚሰማውን የሽሽታ ድምፅ የሚያፍን በር ነው። ሙሉ በሙሉ ይክፈቱት፤ ሽሽታው መሰማት አለበት። ከዚያ ቀስ እያሉ ይዝጉት፤ ሽሽታው ልክ ሲቋረጥ ያቁሙ፣ ከዚያ በላይ ጥቂት ብቻ ይጨምሩ። ለጸጥታ ሲሉ አጥብቀው የሚዘጉት ሰዎች ደካማ ምልክቶችን ሁሉ በራሳቸው እጅ ያጠፋሉ። ሽሽታው በተከፈተ ስኩዌልች ጨርሶ የማይሰማ ከሆነ ድምፅ መጨመሪያውን፣ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያውንና ድምፅ ማጉያውን ሳይመለከቱ ወደ ሌላ ደረጃ አይለፉ።

አሁን የመፈተኛ ምልክትዎን ይምረጡ። ትልልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች የአየር ሁኔታንና የመንደርደሪያ መረጃን በተቀዳ ድምፅ ያለማቋረጥ የሚያሰራጩበት ፍሪኩዌንሲ አላቸው፤ በሰሜን አሜሪካ ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርዝ ባሉ ሰባት ፍሪኩዌንሲዎች ሌትና ቀን የሚነበብ የአየር ትንበያ አለ። እነዚህ ከሌሉ የዲጂታል መረብ የመቆጣጠሪያ ቻናል ያገለግላል፤ ድምፁ የማያቋርጥ ጩኸት ነው፣ ለመፈተኛነት ግን ከምንም የተሻለ ነው። ምልክቱን ካገኙ በኋላ የምልክት መለኪያው ስንት መስመር እንዳሳየ፣ በየትኛው አንቴናና በየትኛው ሰዓት እንደሆነ በደብተር ይጻፉ። ነገ አንድ ነገር ሲጠረጥሩ ወደዚህ ቁጥር ይመለሳሉ።

ምዝገባ

አንድ ቻናል ሲመዘገብ ፍሪኩዌንሲው ብቻ አይበቃም። የሞገዱ ዓይነት ከስህተት ሁሉ የሚበዛበት ቦታ ነው፦ የአቪዬሽን ቻናል በኤፍ ኤም ከተመዘገበ ድምፁ የታፈነና የማይለይ ይሆናል፤ ጠባብ ኤፍ ኤም መሆን ያለበት በሰፊው ከተመዘገበ ደግሞ በጣም ዝቅ ብሎ ይሰማል። የእርምጃው መጠንም (ከአንዱ ፍሪኩዌንሲ ወደ ቀጣዩ ያለው ርቀት) መታየት አለበት፤ እንደ ክልሉ 5፣ 6.25፣ 8.33፣ 12.5 ወይም 25 ኪሎኸርዝ ይሆናል። በአውሮፓ አቪዬሽን ውስጥ ስካነር አዲስ የሆነበትን ሰው የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። በ8.33 ኪሎኸርዝ የተከፋፈሉት ቻናሎች የሚጠሩበት ቁጥር እውነተኛው ፍሪኩዌንሲ አይደለም፤ 118.010 ተብሎ የሚጠራው ቻናል የሚተላለፈው በ118.0083 ሜጋኸርዝ ነው። ስካነሩ የ8.33 እርምጃ ካለው ቁጥሩን ራሱ ያስተካክላል፤ ከሌለው በአቅራቢያው ያለውን ፍሪኩዌንሲ ማስገባት ይበቃል።

ከንግግሩ ጋር አብሮ የሚላክ ዝቅተኛ ቃና አለ፤ ሲ ቲ ሲ ኤስ ኤስ ይባላል፣ ከ67.0 እስከ 254.1 ኸርዝ ይደርሳል፤ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉ የተለያዩ ተጠቃሚዎችን ለመለየት ይጠቅማል። ቃናው በስህተት ከተመዘገበ ስካነሩ ምልክቱን እያየ አፉን ይዘጋል። ስለዚህ አዲስ ቻናል መጀመሪያ ያለ ቃና ይመዝገብ፤ ንግግሩ በእርግጥ ከተሰማ በኋላ ብቻ፣ ያውም ሌላ ተጠቃሚ እያወከ ከሆነ፣ ቃናው ይጨመርበት። ንግግር ሲያበቃ ስካነሩ መልሱን ለመጠበቅ የሚቆይበትን ጊዜ 2 ሰከንድ ያድርጉ፤ ይህ ከሌለ ጥያቄውን ሰምቶ መልሱ ሳይመጣ ይሄዳል።

የቻናሎቹን ብዛት በተመለከተ አጥብቄ የምናገረው አለ። በሰከንድ 50 ቻናል የሚፈትሽ ስካነር 300 ቻናሎችን አንድ ጊዜ ለመዞር 6 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በመንገዱ ላይ አምስት ቦታ ቢቆም ደግሞ ዙሩ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ሊሆን ይችላል። የሚፈልጉት አጭር መልእክት በዚህ መሐል መጥቶ ይሄዳል። ሰዎች ቻናል በጨመሩ ቁጥር ብዙ የሚሰሙ ይመስላቸዋል፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ቻናሎቹን በየአገልግሎቱ ከፋፍለው በተለያዩ ባንኮች (በስካነሩ ውስጥ ባሉ የቻናል ማስቀመጫ ክፍሎች) ያስቀምጡ፣ በአንድ ጊዜም የሚፈልጉትን ባንክ ብቻ ይክፈቱ፤ የማይፈለግ ድምፅ የሚያበዛውን ቻናል በማገጃው ቁልፍ ያግዱት፤ እጅግ የሚፈልጉት አንድ ቻናል ካለ ቅድሚያ ይስጡት።

ትራንኪንግ የሚባለው መረብ ሲሆን አሠራሩ ይለያል። በዚህ መረብ ለአንድ ክፍል የተወሰነ ፍሪኩዌንሲ የለውም፤ አንድ የመቆጣጠሪያ ቻናል ያለማቋረጥ መረጃ እያስተላለፈ፣ አንድ የንግግር ቡድን መናገር ሲፈልግ በዚያ ቅጽበት ክፍት ወደሆነው ፍሪኩዌንሲ ይመራዋል። ስለዚህ በስካነሩ የሚመዘገበው የመረቡ ዓይነት፣ የመቆጣጠሪያ ቻናሎቹና የቡድኖቹ ቁጥር ነው። የመረቡን ፍሪኩዌንሲዎች እንደ ተራ ቻናል ካስገቡ የተቆራረጠና ከቡድን ቡድን የሚዘል ንግግር ብቻ ያገኛሉ። ምዝገባው ሲያልቅ ፋይሉን ወደ ኮምፒዩተር ገልብጠው ቀኑን በስሙ ላይ ይጻፉ፤ ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ በኋላ የብዙ ሌሊት ድካምን ያድናል።

እንክብካቤ

የእጅ ስካነርን ዕድሜ ከሚያሳጥሩት ነገሮች አንደኛው የተረሳ ባትሪ ነው። ለሳምንታት የማይጠቀሙበት ከሆነ ባትሪዎቹን ያውጡ። አልካላይን ባትሪ ፈስሶ ካገኙት በመገናኛ ብረቶቹ ላይ የሚታየው ነጭ ቅርፊት ከፖታስየም ሃይድሮክሳይድ የመጣ፣ የሚያቃጥል ነገር ስለሆነ ጓንት ያድርጉ፤ በጥጥ ጫፍ ጥቂት ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ ነክረው ያብሱት፣ ቀጥሎም በአልኮል አጽድተው ሙሉ በሙሉ ያድርቁት። ከአንድ ጥንድ ውስጥ አሮጌና አዲስ፣ ወይም የተለያየ ዓይነት ባትሪ አይደባልቁ።

ከቤት ውጭ ያለው ጠላት ውኃ ነው። ማገናኛውን በራሱ ላይ በሚጣበቅ የጎማ ቴፕ በደንብ ይጠቅልሉት፣ በላዩም ፀሐይ የማይበላው ጥቁር ቴፕ ይደርቡ። ኬብሉ ወደ ግድግዳው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ የሚመለስ ቅስት ይኑረው፤ ዝናብ በኬብሉ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ቤት ከመግባት ይልቅ ከቅስቱ ሥር ይንጠባጠባል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በተለይም ከዝናብ ወቅት በኋላ፣ የመፈተኛ ምልክትዎን ከደብተሩ ቁጥር ጋር ያመሳክሩ። እኔ አንድ ጊዜ ምልክቱ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ሲደክም ስካነሩን ጠርጥሬ ነበር፤ ምክንያቱ ግን ጥብቅ ብሎ የተዘጋ የመሰለኝ ማገናኛ ውስጥ የገባ ውኃ ሆኖ ተገኘ፣ የኬብሉ የመዳብ ጥልፍም እስከ አንድ ክንድ ድረስ ጠቁሮ ነበር። እንዲህ የጠቆረ ኬብል አይጠገንም፤ የተበላሸው ክፍል ተቆርጦ ይጣላል ወይም ሙሉው ይቀየራል።

የቀረው ቀላል ነው። መሣሪያውን በመኪና መስታወት ሥር ለፀሐይ አይተዉት። ቁልፉን ሲያዞሩ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከመጣ ኃይሉን አጥፍተው የመገናኛ ማጽጃ ፈሳሽ ጥቂት ይርጩበትና ደጋግመው ያዙሩት። የአምራቹን አዲስ ፈርምዌር (የመሣሪያውን ውስጣዊ ሶፍትዌር) የሚጭኑ ከሆነ በሙሉ ባትሪ ወይም በአዳፕተር ይሁን፤ ከመጀመርዎ በፊትም የምዝገባ ፋይሉን ገልብጠው ያስቀምጡ።

ብልሽት ሲያጋጥም

ጨርሶ የማይበራ ስካነር ሲያጋጥም ባትሪው በቮልት መለኪያ ይለካ፤ ባትሪው ደህና ከሆነ የመገናኛ ብረቶቹ ይጽዱ፣ ከዚያም ባትሪዎቹ ወጥተው በአዳፕተር ብቻ ይሞከር። በርቶ ቁልፎቹ የማይታዘዙ ከሆነ የቁልፍ መቆለፊያው መከፈቱን ይመልከቱ፤ ይህ ቀላል ነገር ብዙ ሰው ያስለቅሳል።

በርቶ እየፈተሸ ምንም የማይሰማ ከሆነ ፍተሻውን ያቁሙና በመፈተኛ ምልክቱ ላይ ያድርጉት። ምልክቱ ከተሰማ መሣሪያው፣ አንቴናውና ኬብሉ ደህና ናቸው፤ ችግሩ በምዝገባው ነው፦ ቻናሉ ታግዶ፣ ባንኩ ተዘግቶ፣ ቃናው ተሳስቶ ወይም የሚፈልጉት አገልግሎት ወደ ዲጂታል ተሸጋግሮ ይሆናል። ምልክቱ ካልተሰማ ምልክት የሚያዳክመው አቴንዌተር በርቶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ 20 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ ይህም ኃይሉን ወደ አንድ መቶኛ ያወርደዋል። ከዚያ ኬብሉን ነቅለው የጎማ አንቴናውን ይግጠሙ። በጎማው አንቴና የተሻለ ከሰማ ጥፋቱ በውጭው አንቴና ወይም በኬብሉ ነው። ኬብሉን ለመፈተሽ ሁለቱንም ጫፎች ይንቀሉ፤ በኦም መለኪያ በመካከለኛው ሽቦና በውጭው ጥልፍ መካከል ምንም ግንኙነት መታየት የለበትም። አንዱን ጫፍ በሽቦ ሲያገናኙት ደግሞ በሌላው ጫፍ ንባቡ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። ይህን ያለፈ ኬብል አልተቆረጠም፣ እርስ በርሱም አልተነካካም፤ ውኃ ግን ሊኖረው ስለሚችል ማገናኛዎቹን ከፍተው ይመልከቱ።

ስካነሩ ንግግር በሌለበት ፍሪኩዌንሲ ላይ እየቆመ የሚያስቸግር ከሆነ አንቴናውን ይንቀሉት። ድምፁ አንቴና ሳይኖርም ከቀጠለ ምንጩ የስካነሩ የራሱ ውስጣዊ ዑደት ነው፤ ሁሉም ስካነር እንዲህ ያሉ ጥቂት ፍሪኩዌንሲዎች አሉት፣ የሚደረገውም ማገድ ብቻ ነው። አንቴናው ሲነቀል ከጠፋ የሚመጣው ከውጭ ነው። ስካነሩን በባትሪ ያሠሩና የቤቱን ዋና ማብሪያ ያጥፉ፤ ረብሻው ከጠፋ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እያበሩ ምንጩን ይለዩ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የኤል ኢ ዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የኮምፒዩተር አዳፕተር ወይም የሶላር መለወጫ ሆኖ ይገኛል። መሣሪያውን መቀየር ካልተቻለ ገመዱን ረብሻ በሚያፍን የፌራይት ቀለበት ውስጥ ደጋግመው ይጠምጥሙት፣ አንቴናውንም ከቤቱ ያርቁት። ከላይ የዘረዘርኳቸው እርምጃዎች ትዕግሥት ይጠይቃሉ፤ ግን ረብሻ በዝቶበት ስኩዌልቹን አጥብቆ ከመዝጋት ይልቅ ምንጩን ማግኘት ሁልጊዜ ይሻላል።

በአቪዬሽን ወይም በሌላ ክልል ላይ የሙዚቃ ጣቢያ የሚሰማ ከሆነ ስካነሩ በአቅራቢያው ባለ ኃይለኛ አስተላላፊ ተጨናንቋል። ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ የሚሠሩት የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ዋነኞቹ ምንጮች ናቸው። አቴንዌተሩን ያብሩ፤ የማይፈለገው ሙዚቃ ጠፍቶ የሚፈልጉት ንግግር ከጠራ መጨናነቁ ተረጋግጧል፤ ዘላቂው መፍትሔ በአንቴናውና በስካነሩ መካከል የኤፍ ኤም ማጣሪያ መግጠም ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ምልክት ማጉያ መጨመር ችግሩን ያባብሰዋል። ሌላው ዓይነት የምስል ፍሪኩዌንሲ ነው፤ መካከለኛ ፍሪኩዌንሲው (የተቀበለው ምልክት በውስጡ የሚለወጥበት ቋሚ ፍሪኩዌንሲ) 10.7 ሜጋኸርዝ የሆነ ስካነር ከትክክለኛው ቦታ በ21.4 ሜጋኸርዝ ርቆ የሚገኝን ጣቢያ ያለ ቦታው ሊያሰማ ይችላል። ያልጠበቁትን ንግግር ሲሰሙ በሁለቱም አቅጣጫ 21.4 ደምረውና ቀንሰው ይፈልጉት፤ እዚያ ጠርቶ ከተሰማ የመጀመሪያውን ያግዱት።

ከውይይት አንዱ ወገን ብቻ የሚሰማ ከሆነ አይደናገጡ። አብራሪው ጠርቶ እየተሰማ የመሬቱ ተቆጣጣሪ የማይሰማው ከላይ ባሰላነው አድማስ ምክንያት ነው፤ አንቴናውን ከፍ ከማድረግ በቀር መድኃኒት የለውም። በሪፒተር (ምልክትን ተቀብሎ መልሶ በሚያሰራጭ ጣቢያ) በሚሠሩ መረቦች ደግሞ መኪናዎቹ የሚልኩበትና ሪፒተሩ መልሶ የሚያሰራጭበት ፍሪኩዌንሲ የተለያየ ስለሆነ፣ የመግቢያውን መዝግበው ከሆነ በአቅራቢያዎ ያለውን መኪና ብቻ ይሰማሉ። የመውጫውን ፍሪኩዌንሲ ይመዝግቡ።

የዲጂታል ንግግር እየተቆራረጠ ወይም እንደ ሮቦት እየተንተባተበ ሲመጣ፣ የምልክት መለኪያው ደግሞ ሙሉ ሆኖ ሲያሳይ፣ ብዙ ሰው አንቴና ከፍ ያደርጋል፤ ነገሩ ይባስ ይበላሻል። ይህ የሚሆነው በርካታ ማማዎች አንድን ንግግር በአንድ ፍሪኩዌንሲ በአንድ ጊዜ በሚልኩበት መረብ ነው። ሞገዶቹ ከተለያየ ርቀት ተነሥተው በጥቂት ሚሊዮንኛ ሰከንድ ልዩነት ስለሚደርሱ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ስካነሩም መረጃውን ማንበብ ይሳነዋል። መፍትሔው ምልክት ማብዛት ሳይሆን ከአንድ ማማ በቀር ሌሎቹን ማዳከም ነው። ወደ ቅርቡ ማማ የዞረ ባለ አቅጣጫ አንቴና ይሞክሩ፤ ከሌለ አንቴናውን ዝቅ ያድርጉ፣ በክፍሉ ውስጥ በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር እያንቀሳቀሱ ይሞክሩ፣ አጭሩን አንቴና ይግጠሙ ወይም አቴንዌተሩን ያብሩ። የመስኮት ዳር ተትቶ የልብስ ሳጥን ጀርባ የተሻለ የሰማበት ጊዜ አጋጥሞኛል።

እነዚህ ሁሉ ተሞክረው ካልተሳካ መሣሪያውን ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ መመለስ ይቻላል፤ ይህ ግን ምዝገባውን ሁሉ ያጠፋል፣ ስለዚህ ፋይሉ አስቀድሞ መገልበጥ አለበት። ከተመለሰ በኋላ ሌላ ምንም ሳይጨምሩ የመፈተኛ ምልክቱን ብቻ በእጅ ያስገቡ። በጎማው አንቴና፣ በአዲስ ባትሪና ስኩዌልቹ ተከፍቶ፣ ቀድሞ በደንብ ይሰማ የነበረው ምልክት አሁንም ካልተሰማ ጥፋቱ በእርግጥ በመሣሪያው ውስጥ ነው። ወደ ጠጋኝ ሲወስዱት ከደብተርዎ የድሮውንና የአሁኑን የምልክት መጠን፣ የሞከሯቸውን እርምጃዎችና ችግሩ የታየበትን ክልል በአንድ ገጽ ጽፈው አብረው ይስጡት።